የጠመኔው ግንባር

የሁለቱን አገሮች ስም አልጠራም። ስማቸውን ከጠራሁ አንባቢም ወንበሩን ስቦ ወገን ይይዝና ነገሬን ሳልጨርስ ይጨቃጨቀኛል። አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነበርሁ። አንደኛዋን ትልቋ፣ ሌላዋን ትንሿ እላቸዋለሁ። ሁለቱም ከደብረ ማርቆስ እጅግ ሩቅ ናቸው፤ በረዷቸውም ጥይታቸውም እኛ ዘንድ አይደርስም። እኛን ደፋር ያደረገን ይኸው ነው።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ የመምህራን ክበብ የምንላት አንዲት ክፍል አለች። ድሮ መማሪያ ክፍል ስለነበረች ጥቁር ሰሌዳዋ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። ሻይና ዳቦ፣ በጾም ቀን ደግሞ ሽሮ የሚያቀርቡልን አንዲት የሮብ ገበያ ተወላጅ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ትልቁ ወንድ፣ ድሮ ተማሪዬ የነበረ፣ ታናሿ ደግሞ ያኔ እዚያው እኛው ጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማር ነበር።

አቤት ያኔ የነበረው ወኔ! የታሪክ መምህሩ የትልቋ ወገን ነው። ገና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፍ ይጀምራል። «ትልቅ አገር ደጇ ላይ ጠላት ሲሰፍርባት እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ?» ይላል፣ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ። የሥነ ዜጋ መምህሩ የትንሿ ነው። «የሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ ደጄ ነው የሚባል ነገር አለ እንዴ?» ይላል። አንዱ «ሰው እኮ እያለቀ ነው» ሲል ሌላው «ያው ጦርነት ነው፣ መስዋዕትነት ያስፈልጋል» ይለዋል። በማግስቱ ይገለባበጡታል። የራስ ወገን ሲሞት እልቂት ነው፣ የሌላው ሲሞት ዋጋ ነው። መስዋዕትነት! የታሪክ መምህሩ አከራዩ የውኃ ቧንቧ ስለዘጉበት ሁለት ወር ያኮረፈ ሰው ነው። የሥነ ዜጋው ደግሞ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ መርፌውን ሲያይ ከሐኪሙ በር የተመለሰ ጀግና ነው። እነዚህ ናቸው የሰው ልጅ በሺህ ሲረግፍ «ይገባል፣ አይገባም» የሚፈርዱት።

እኔ ደግሞ ከሁለቱም የባስሁ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ወገን የለኝም እል ነበር። ወገን የለኝም ብዬ የሁለቱንም ጦርነት ሠራሁላቸው። አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ተነሣሁና ያን ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ካርታ አደረግሁት። ድንበሩን በነጭ፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ ግንባሩን በቀይ። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ባለ ቁጥር ስልኬን አይቼ፣ ቀዩን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አስጠጋዋለሁ፣ ወይም አርቀዋለሁ። ሁለት ጣት ወደዚህ ሲል ግማሹ ክበብ ያጨበጭባል፣ ግማሹ ይራገማል። ሁለት ጣት ስንት ሰው እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የማጣራው ስፋቱ በትክክል መመጠኑን ብቻ ነበር፤ ደረቴን ነፍቼ «እዚች ጋ ያለችው መንደር» እያልሁ የመንደሮቹን ስም ሁሉ እጠራ ነበር።

በገዛ ደጃችሁ ተኩስ እየተሰማ የሰው አገር ጦርነት ምን አገባችሁ የሚለኝ ይኖራል። ያገባን እሱው ነው። ስለ ደጃችን አፍ መክፈት አይቻልም ነበር፤ ማን ምን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። አንዳንድ ቀን ከከተማው ዳር ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ሁላችንም ብርጭቋችንን እንደያዝን ጸጥ እንላለን፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ጸጥታው ሲመለስ የታሪክ መምህሩ ጉሮሮውን ይጠርግና «እና ምን እያልሁ ነበር? ትልቋ…» ብሎ ይቀጥላል። እኔም ሰሌዳው ጋ እሄዳለሁ። ሩቅ ያለ ሬሳ አይሸትም፣ ለቅሶም አያስኬድ!

የእትዬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ በኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ባጃጅም ሞከረ፤ መንገዱ እየተዘጋ እሱም አላዋጣ አለው። ከዚያ ከአንድ የሉማሜ ጓደኛው ጋር ወደ ትልቋ አገር ለፋብሪካ ሥራ ሄደ ተባለ። ከወራት በኋላ ፋብሪካው ቀርቶ ጦሩ ውስጥ መሆኑ ተሰማ። ምን ላይ እንደፈረመ ያወቀም አይመስለኝ። ለእናቱ ግን «የማድ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ድንች ነው የምልጥ» አላቸው። እትዬ ይኸን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። «የድንች አገር ሰው ሆኜ ወልጄው፣ እኔ ቤት አንዲት ድንች ልጦ አያውቅም! እዚያ ሄዶ ተማረ» ይላሉ።

ወሬው በተሰማ ቀን የታሪክ መምህሩ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ። «የኛ ልጅ! ይኸው ታሪክ እየሠራ ነው!» አለ። ልጁ የሱ ወታደር ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርክሩ ባነሰበት ቁጥር «የኛ ልጅ እዚያ አለ» ይላል። የሥነ ዜጋ መምህሩ በበኩሉ፣ እትዬ ትሪ ይዘው ከኋላው እንደቆሙ ሳያይ፣ «ለሰው አገር ብሎ ሰው የሚገድል ምን ይባላል?» አለ። እትዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ሻዩን ያለ ስኳር አቀረቡለት፣ እሱም አፍሮ ስኳር ሳይጠይቅ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጠዋት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ሰሌዳው ጋ የመጡት። «መምህር፣ እርስዎ ያውቁታልና፣ ልጄ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ልጁ በስልክ የነገራቸውን የከተማ ስም እንደምንም አጠራርተው ነገሩኝ። ቢጫ ጠመኔ አነሣሁና ከቀዩ መስመር ወዲህ፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ አንዲት ነጥብ አኖርሁ። ጠጋ ብለው አዩዋት። «ይቺ ናት?» አሉ። «ይቺ ናት» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳውን ሲያጸዱ በነጥቧ ዙሪያ በጣታቸው ጫፍ ነው የሚያብሱት። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ሲያስቀምጡልኝ «ዛሬስ?» ይላሉ። ልጁ ከደወለላቸው ከተማውን ይነግሩኛል፣ ነጥቧን አንቀሳቅሳታለሁ። ካልደወለ ባለችበት ትውላለች። በሁለት ዓመት ክርክር ውስጥ አንድ ሰው ስለ አንድ ሰው የጠየቀው ያኔ ብቻ ነበር፣ እሳቸውም ክርክሩ ውስጥ የሉበትም።

ግንቦት ሊወጣ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀት እያረምሁ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው። አብሮት የሄደው የሉማሜ ልጅ ነበር። «መምህር፣ እሱ የለም» አለኝ። «ስልክዎን ከሱ ስልክ ላይ ነው ያገኘሁት። ለእናቱ መንገር አልቻልሁም።» ድምፁ እየተቆራረጠ ሁለት ደቂቃ ያህል አወራን፣ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አልሠራም። እስከ ዛሬም የዚያን ጓደኛውን ድምፅ መልሼ አልሰማሁም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ሰው ይመረጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ በማለዳ ተሰብስቦ ይኬዳል። ሁለቱን መምህራን ይዤ ወደ እትዬ የንስሐ አባት ቤት ሄድሁ፤ ዲማ ገዳም የተማሩ፣ ነገር የማያስረዝሙ አዛውንት ቄስ ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ልጅቱ ፈተናዋ መቼ ነው?» አሉን። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «ሰምታ ከወደቀች ያ ሁሉ ልፋቷ ገደል ገባ። ፈተናው ይለፍ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። ተስማማን። ያኔ የታሪክ መምህሩ፣ በሕይወቱ አንዲት ጥበብ የተገለጠችለት ቀን፣ «ክርክሩን በአንዴ ካቆምን ግን እትዬ ይጠረጥራሉ» አለ። ቄሱ ምን ዓይነት ክርክር እንደሆነ ጠየቁ። አስረዳናቸው። ተራ በተራ አዩንና «እንግዲያው ተከራከሩ፣ ሌላ ምን ታውቃላችሁ!» አሉን።

ተከራከሩ። ከማግስቱ ጀምሮ ሁለቱ በየቦታቸው ተቀምጠው፣ የሞተው ልጅ እናት ሻይ እየቀዱላቸው፣ ትልቋና ትንሿን ማላመጥ ቀጠሉ። መጀመሪያ የሚያስመስሉት ይታወቅባቸው ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነበር። ምን ይታወቅባቸዋል! ቃሉ ያው፣ ጩኸቱ ያው፣ ጠረጴዛ መደብደቡ ያው። የሚቀይሩት ነገር አላስፈለጋቸውም። በሦስተኛው ቀን እንዲያውም ነገሩ ጣማቸውና በእውነት ተጣሉ።

እኔ ግን ጉዴ ፈላ። ሰሌዳው አለ፣ ቢጫዋ ነጥብ አለች፣ እትዬ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» ይላሉ። ልጁ ከደወለላቸው ሰንብቷል፤ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። ቀዩ መስመር ደግሞ ነጥቧን ሊነካት ደርሷል። አንድ ማለዳ ማንም ሳይመጣ ቀድሜ ገባሁና ነጥቧን በአውራ ጣቴ ጠርጌ፣ አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ፣ ከግንባሩ አርቄ አኖርኋት። አዛኝ ነኝ እኮ! እትዬ ትሪያቸውን ይዘው ገቡ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ትሪውን አስቀመጡ።

«ወደ ኋላ መለሱት?»

«አዎ እትዬ» አልሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «እረፍት ሳይሰጧቸው አይቀርም። ስልክም የማይሠራው ለዚያ ይሆናል።»

እልል አሉ። ክበቡ ሙሉ ሰው ዞር አለ። የታሪክ መምህሩ ብርጭቆውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እትዬ ለሥነ ዜጋው መምህር ሳይቀር ስኳሩን እጥፍ አድርገው ሰጡት፣ «ዛሬ ሁላችሁም በእኔ ናችሁ» አሉ።

ውሸት አንዴ እግር ካወጣ ማን ያስቆመዋል? በሚቀጥለው ሳምንት ነጥቧን ደግሞ ወደ ኋላ ሳብኋት። መልሼ ወደ ፊት ብወስዳት አንጀታቸው ይበጠሳል፣ ባለችበት ብተዋት «ዛሬስ?» አለ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ እስከ ዋና ከተማዋ አደረስኋት። እትዬ ዋና ከተማዋን ለይተው ያውቋታል፤ ልጃቸው ሲሄድ መጀመሪያ ያረፈባት ናት። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ከዚያ ወዲህማ አውሮፕላን ብቻ ነው» አሉ። እኔ ጅሉ ራሴን ነቀነቅሁ።

እኔ ካርታ ስነካካ እሳቸው ቤታቸውን ያዘጋጁ ነበር፤ ይኸን የሰማሁት ኋላ ነው። የልጁን ክፍል ግድግዳ አስለስነው ኖራ ቀቡት። አዲስ ፍራሽ ገዙ። ጌሾ አስወቅጠው፣ ብቅል አስፈጭተው ጠላ ጠነሰሱ። ጎረቤቶቻቸው ለመርዶው ቀን እንዲዘጋጁ ቄሱ ነግረዋቸው ያውቃሉ፣ ግን ምን ይበሉ? «ምን ልታደርጊው ነው?» ሲሏቸው «ልጄ ሊመጣ ነው፣ መምህሩ ነግረውኛል» ይላሉ። ሰዎቹም ፊታቸውን አዙረው አልቅሰው፣ ጌሾውን ወቅጠውላቸው ይሄዳሉ።

ልጅቷ ፈተናዋን ጨርሳ በወጣች በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የእትዬ ጎረቤት ግቢ ተሰበሰብን። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ማን ይናገር?» አሉ ቄሱ። «አብራችኋቸው የምትውሉት እናንተ ናችሁ፣ አንዳችሁ ጀምሩ፣ እኔ እከተላለሁ።» የታሪክ መምህሩ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ማየት ጀመረ። የሥነ ዜጋው ጥርሱን እንዳመመው በእጁ አሳየ፤ ያ የፈረደበት ጥርስ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሞት ሲፈተፍቱ የከረሙ አንደበቶች አንዲት «ሞተ» የምትል ቃል ጠፍታቸው ቆሙ። እኔንም አዩኝ። እኔም ነጠላዬን እንደገና ማጣፋት ጀመርሁ። ቄሱ «ኑ፣ ተከተሉኝ» ብለው ቀደሙ።

እትዬ ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ያን ሁሉ ሰው፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በዚያ ማለዳ ሲመጣ ያየ የአገራችን ሰው ሌላ ነገር አያስብም። እዚያው ይጮሃል። እትዬ ግን አልጮሁም። መጥረጊያቸውን ጥለው ወደ እኛ ሮጡ፣ እየሳቁ። በሰዉ መካከል አሻግረው እየፈለጉ «ደረሰ እንዴ? የታለ?» አሉ።

ያን «የታለ?» እስክሞት አልረሳውም። ወዲያው ቄሱ ያዟቸው። የሆነውን ሁሉ አልጽፍም።

ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ዞረ። የእድሩ ሴቶች ለለቀስተኛው የሚቀዳ ሲፈልጉ ጓዳ ገብተው ጋኖቹን አገኙ። ለመምጫው የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶው ደረሰ። ለእኔም በጣሳ ሰጡኝ። አልጠጣም ብል ሰው ያየኛል ብዬ ጠጣሁት። ጥሩ ጠላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከድንኳኑ ጥግ ሹክሹክታ ሰማሁ፣ ጠጋ ስል ሁለቱ ናቸው። ለልጁ ሞት ተጠያቂዋ ትልቋ ናት፣ የለም ትንሿ ናት እየተባባሉ ነበር። ጋቢያቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው፣ ለእናትየው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው! ይሉኝታ ማለት ለነሱ ድምፅ መቀነስ ነው። ተነሥቼ ትምህርት ቤት ሄድሁና ሰሌዳውን በውኃ አጠብሁት።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት እትዬ ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። ልጅቷ አልፋለች፤ ማስተማሪያ ያስፈልጋታል። ክበቡ ውስጥ ወሬው ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ ሆነ። ትልቋና ትንሿ የተፈጠሩ አይመስሉም ነበር። እትዬ ሻዬን አስቀመጡልኝና ሳይሄዱ ቆሙ። ሰሌዳውን አዩ።

«ሥዕሉን ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ወደ ጓዳ ገብተው የጠመኔ ካርቶን ይዘው ወጡ። ከየት እንዳገኙት እንጃ። «ሥራው» አሉኝ። መምህር አላሉኝም፣ እርስዎም አላሉኝም። ተነሣሁ፣ ድንበሩን በነጭ፣ ወንዙን በሰማያዊ ሠራሁ። ቀዩን ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«እሱን ተወው። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቅሁህም። ልጄን አድርግልኝ።»

ቢጫዋን ጠመኔ አነሣሁ። የታሪክ መምህሩ ከኋላ «እትዬ፣ እሱ እኮ ለትልቅ ዓላማ…» ብሎ ጀመረ። ዞር ብለው አላዩትም። «ሬሳውን አላመጡልኝ፣ መቃብሩን አላሳዩኝ» አሉ። «ስጸልይ ፊቴን ወዴት ላዙር? አንተ መንደሩን ሁሉ በስም ትጠራ የለም? የወደቀበትን አሳየኝ።»

«አላውቀውም እትዬ» አልሁ።

«ጓደኛው ደውሎልህ የለም እንዴ? አልጠየቅኸውም?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

ያን ከሰዓት በኋላ የሉማሜው ልጅ «እሱ የለም» ሲለኝ ከአፌ የወጣውን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ለቄሱም አልተናዘዝሁትም። መዋሸት እችል ነበር፣ ልምዱ አለኝ። ያን ቀን ግን አቃተኝ።

«የሚዋጉባት ከተማ ተያዘች ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት» አልኋቸው።

እትዬ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። ጠመኔውን ከጣቶቼ መካከል ቀስ ብለው አወጡና ወደ ካርቶኑ መለሱት።

«ታዲያ ተያዘች?» አሉኝ።

አልተያዘችም ነበር። ዛሬም አልተያዘችም።